ከግድቡ ወዲህ የፈለቀው ውሃ

ስልኩ ውስጥ ውሃ ይፈላል። እሳት ላይ እንደተጣደ ውሃ አይደለም፤ ከመሬቱ ሥር አንድ ሰው ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስል እብጥ ይልና መልሶ ሙሽሽ ይላል። ዙሪያውን ደቃቅ አሸዋ ተከምሮበት የምስጥ ኩይሳ መስሏል። ከኩይሳው አናት የሚወጣው ውሃ ግን ጥርት ያለ ነው። እዚያ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት ባዶ እግሮች ቆመዋል።

የሻረግ እግሮቹን አወቀቻቸው። የታናሽ እህቷ የሐረገወይን ናቸው። በልጅነታቸው ማታ ማታ ጭቃቸውን የምታጥባቸው እሷው ነበረች።

«አየሽው እትዬ?» አለች ሐረገወይን። ስልኩን ወደ ታች ስለያዘችው ፊቷ አይታይም፤ ድምፅዋ ግን ሳቅ ሳቅ ይላል። «ትናንት በዋዜማው ነው የፈለቀ። ከቲማቲሙ መደብ ሥር። ከሥራ ስገባ ምንም አልነበረም፤ ራት በልተን ብወጣ መሬቱ ተከፍቶ አገኘሁት። በሚካኤል ዋዜማ እኮ ነው። ሰው አልቆፈረው፣ ቧንቧ አልፈነዳ።»

«አየሁት» አለች የሻረግ። 

ለንደን ላይ ምሳ ሰዓት ነው። ሐረገወይን ያለችበት፣ አሜሪካ አዮዋ ደግሞ ገና መንጋቱ ነው። የሻረግ የተቀመጠችው ኬንቲሽ ታውን፣ በካውንስሉ የኪራይ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከቤቷ ቀጥሎ ባለው በሚስተር ቤንጃሚን ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። ሽማግሌው ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ የምስር ሾርባ ሠርታ ብቅ ማለት ልማዷ ሆኗል። የእሳቸው ልማድ ደግሞ ሾርባውን ቀስ ብለው እየጠጡ ስለ ወንዝ ማውራት ነው። አንዲት እንግሊዛዊት ነርስ ተከትለው በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ አርጅተዋል፤ ልባቸው ግን ከተወለዱበት ከሚሲሲፒ ዳር ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ቤንጃሚን ሲያወሩ ከተማ እንደ ሰው ነው፤ ይወለዳል፣ ይፋፋል፣ ይታመማል። መጀመሪያ በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች ማገዶ ሊጭኑ ወንዙ ዳር ይቆማሉ። ማገዶ ሻጩ ጎጆ ይቀልሳል። ከጎጆው አጠገብ መጠጥ ቤት፣ ከመጠጥ ቤቱ አጠገብ ደግሞ ሰካራሞቹን ንስሐ የሚያስገባ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል። በቃ፣ ከተማ ሆነ። ከወንዙ ዛጎል እየለቀሙ፣ ዛጎሉን እየበሱ የሸሚዝ ቁልፍ ይሠሩ ነበር፤ «የአያቴ ግቢ በተበሳ ዛጎል የተነጠፈ ነበር፣ በባዶ እግር ከሄድሽበት አለቀልሽ» ይላሉ። ኋላ ፕላስቲክ መጣ። ባቡሩም በሌላ በኩል ዞረ፣ መርከቡም ማገዶ በቃኝ አለ። ከተማው ከሳ። የቀረውን ደግሞ ወንዙ ራሱ እየመጣ ይወስዳል። የእሳቸው መንደር ዊሎው ቤንድ ሁለቴ ታጥቦ፣ በሦስተኛው ሰዉ ቤቱን በከባድ መኪና ጭኖ ኮረብታ ላይ ወጣ። ታች የቀረው የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው፤ ወደየትም የማይወስድ ደረጃ።

የሻረግ ይህን ሁሉ በአንድ ጆሮዋ ነበር የምትሰማው። ሽማግሌ ሲያወራ መስማት ከሾርባው ጋር የሚሰጥ ነገር ነው እያለች። ሐረገወይን ሥጋ ፋብሪካ ሥራ አግኝታ ከልጇ ከኪዲ ጋር ሞሪስ ላንዲንግ የምትባል ቦታ ስትገባ ግን ስሙን ለቤንጃሚን ነገረቻቸው። ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ «ወደ ሞሪስ ላንዲንግ የሚገባ ሰው አለ እንዴ? እኔ የማውቀው የሚወጣ ብቻ ነው» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከእሳቸው መንደር ከፍ ብሎ፣ ያው አንዱ ወንዝ ዳር ነበር።

ዛሬ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«እሱ ምንድነው?»

«እህቴ ናት። ጓሮዋ ምንጭ ፈልቆላት ነው።»

«ግድቡን ታሳየኝ።»

የሻረግ ነገረቻት። ስልኩ ከውሃው ላይ ተነሣ። ከቲማቲሙ መደብ ኋላ ሣር የለበሰ የአፈር ግድብ ይታያል፤ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ነው። ጥዋቱን ያካፋል። ከግድቡ ማዶ ያለው ወንዝ በደንብ አይታይም። የሚታየው የዛፎቹ ጫፍ ነው፣ ዛፎቹም እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ናቸው። የሻረግ ያን ስታይ ነው ነገሩ የገባት፤ ወንዙ የቆመው ከእህቷ ራስ በላይ ነው። 

ቤንጃሚን አሁንም ወደ ውሃው እንድትመልሰው ጠየቁ። ኩይሳው በአንድ ወገን ተንዷል። ዙሪያው ተቆፍሮ ሰው የሚያስገባ ገንዳ ሆኗል፣ ጠርዙ ላይም ድንጋይ ተደርድሮበታል።

«አፉን ማነው ያሰፋው?»

«የፋብሪካችን ልጆች ናቸው» አለች ሐረገወይን፣ ጥያቄው ሲተረጎምላት። «ሌሊቱን በአካፋ ሲሠሩ አደሩ፣ እግዜር ይስጣቸው። ሰው ገብቶ እንዲጠመቅ እኮ ነው። ከከተማም እየመጡ ነው፣ ለሁሉም ደውያለሁ። ሰሎሜ ያን እግሩ አልታዘዝ ያለውን ልጇን ይዛ ትመጣለች። ምን ታውቂያለሽ እትዬ፣ በሚካኤል ቀን...»

ቤንጃሚን ከወንበራቸው ተነሡ። ጠረጴዛውን ይዘው ቆሙ።

«ምንጭ አይደለም» አሉ። «ወንዙ ነው። በግድቡ ሥር ሾልኮ የመጣ ወንዝ ነው። እኛ አገር ውሃ ሲሞላ ሰዉ በየተራ ግድቡ ሥር ይዞራል፤ እንዲህ ያለውን ፍለጋ ነው የሚዞረው። ሲገኝ በአሸዋ ከረጢት ይከበባል እንጂ አፉ አይነካም። የደፈኑት እንደሆነ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። ያሰፉት እንደሆነ...» ቃል ፈለጉ። «አስፍቶት ያየሁት ሰው የለም።»

«እና አሁን ምን ይሁን?»

«እስከጠራ ድረስ ጥቂት ጊዜ አለ። ከደፈረሰ ግን የግድቡን ሆድ እየበላ ነው የሚወጣው። ያኔ ኮትሽንም አታነሺም።»

የሻረግ ለእህቷ እንዳለ ነገረቻት። ቃል ሳታስቀር። ስልኩ ቀና አለና የሐረገወይን ፊት መጣ፤ ነጠላዋ በካፊያው ረጥቦ ከጠጉሯ ላይ ተለጥፏል። 

«ይኼን ያሉሽ እኚያ ፈረንጅ ናቸው?»

«እዚያው ወንዝ ዳር የተወለዱ ናቸው እኮ።»

«እንዲያው እናንተ ጴንጤዎች ውሃ ከቧንቧ ካልመጣላችሁ አታምኑም አይደል?» አለች ሐረገወይን። ቀልድ ይመስል ነበር፣ ግን አልሳቀችም። «እናታችን ታማ ጠበል ላምጣላት ብልሽ ያልሽኝን ረሳሽው? በተዝካሯስ ቀን ከድንኳኑ ውጭ የተቀመጥሽው? ዛሬ ሚካኤል እደጄ ድረስ መጥቶ ወንዝ ነው በይ ትይኛለሽ።»

«ሐረግዬ፣ በእናታችን...»

«እናታችንን ተያት።»

ስልኩ ተዘጋ። የሻረግ በጠቆረው መስታወት ውስጥ የገዛ ፊቷን አየች፣ የአሮጊት ፊት።

ወዲያው ኪዲ በራሷ ስልክ ደወለች። ኮሌጅ የምትማር ልጅ ናት፣ ሲጨንቃት አማርኛዋ ይሰባበራል። «አክስቴ፣ እኔ ሲሪየስሊ ፈርቻለሁ። ለካውንቲው ቢሮ ደውያለሁ፣ ሰው እንልካለን ብለዋል፣ ግን ሁሉም ላይኛው ግድብ ላይ ናቸው። ለሌላው ሰፈር ውጡ ብለዋል፤ ለእኛ ሬዲ ሁኑ ነው ያሉት። መኪናው ዝግጁ ነው። እማዬ አልሄድም አለች። እሷን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ?»

«ውሃውን እያየሽ ቆይ። ከለሩ ከተለወጠ ጎትተሽ አውጫት።»

«አክስቴ፣ እማዬ እኮ አትጎተትም።»

እውነቷን ነው። ሐረገወይን ከልጅነቷ ጀምሮ ተጎትታ አታውቅም። የሻረግ የአራዳን ሰፈር፣ የእናታቸውን ደጃፍ አሰበች። የሐረገወይንን እግር ከያዘችው ነገር ላይ ሊያነሣ የሚችል ሰው በዓለም ላይ ማን አለ? አንድ ሰው ትዝ አላት። 

የእናታቸው የነፍስ አባት ልጅ፣ ያኔ ዲያቆን የነበሩት ቄስ ተክለአብ፣ እዚሁ ለንደን ናቸው። ሐረገወይን ስማቸውን ሳትስም አትጠራም። የሻረግ ግን እምነቷን ከለወጠች ወዲህ አንድም ቀን ፊታቸው ቆማ አታውቅም። ስልካቸው የላትም። በበዓል ቀን ቀድሰው እንደሚወጡ፣ ከዚያ ክላፋም አንድ የልብስ መደብር በር ላይ በጥበቃ እንደሚሠሩ ግን ሀበሻው ሁሉ ያውቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ አይታቸው በመንገዱ ማዶ አልፋለች።

«ሂጂ» አሉ ቤንጃሚን፣ የቤቱን ስልክ እያነሡ። «እኔ ካውንቲውን አስጨንቃለሁ። የእኔን አነጋገር ቢሰሙ የአጎታቸው ልጅ መስላቸው ይፈጥኑ ይሆናል።»

የባቡር ካርዷን መግቢያው ላይ አስነክታ ወደ ባቡሩ ወረደች። ኖርዘርን ላይን በቀጥታ ክላፋም ያደርሳል። ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ሲገባ የስልኳ ምልክት አንድ በአንድ ጠፋ። የሻረግ ስልኩን ጨብጣ በዓይኗ ልታስነሣው ሞከረች። ፊት ለፊቷ አንድ ወጣት በጆሮው ሙዚቃ እየሰማ ጉልበቱን ይነቀንቃል። አንዲት ሴት ልጇን ብስኩት ታበላለች። ማንም ምንም አልሆነም። አሁን ደፍርሶ ይሆን? አሁን ኪዲ እየጠራችኝ ይሆን?

ለመጸለይ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። በእሷ ጸሎት ቤት ጮክ ብለው ነው የሚጸልዩት፤ እጅ ወደ ላይ፣ ድምፅ ወደ ላይ። እዚህ ድምፅ አልወጣት አለ። በልቧ የመጣውም አዲሱ ጸሎት ሳይሆን እናታቸው ማታ ማታ ታነበንበው የነበረው ነው። ከየት መጣ ብላ ደነገጠች፣ ግን አላቆመችውም።

መሐል ላይ ባቡሩ ቀዝቀዝ አለና ቆመ። ነጂው የሆነ ነገር ተናገረ፤ አልሰማችውም። አንድ ነገር ግን ድንገት ገባት። ባቡሩ እዚህ ላይ በቴምዝ ሥር ነው የሚያልፈው። ስንት ዓመት ስትመላለስበት አስባው አታውቅም። ከራሷ በላይ ጣሪያ አለ፣ ከጣሪያው በላይ አፈር፣ ከአፈሩ በላይ ደግሞ ያ ሁሉ ውሃ። ዓይኗን አንሥታ የዋሻውን ግድግዳ በመስኮቱ አየች። ጥቁር ነው።  እህቷ እኮ እንዲህ ነው የቆመችው፣ እንዲህ ነው፣ ግን እሷ እየሳቀች።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

ክላፋም ላይ ወጥታ ምልክቱ ሲመለስ ሁለት ያልተነሣ ጥሪ አገኘች። ደወለች። ኪዲ አነሣች። «አሁንም ክሊር ነው። ግን አክስቴ፣ በጣም እየበዛ ነው። ገንዳው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።»

የሻረግ ሮጠች። ከስንት ዓመት ወዲህ ሮጣ አታውቅም።

ቄስ ተክለአብ መደብሩ በር ላይ በጥቁር ዩኒፎርም፣ ጆሯቸው ላይ የሬዲዮ ገመድ አንጠልጥለው ቆመዋል። ጢማቸው ሸብቷል። ሲያዩዋት ፊታቸው መጀመሪያ ተገረመ፣ ቀጥሎ ፈገግ አለ።

«የሻረግ? ዛሬ በዚህኛው በኩል መጣሽ? ሁልጊዜ በማዶ ስታልፊ አይሽ ነበር እኮ። ነይ ብዬ ብጠራሽ መስቀል ያሳልመኛል ብለሽ ሮጠሽ መኪና እንዳይገጭሽ እያልኩ ነው የተውኩሽ።»

«አባቴ» አለች። ትንፋሽ አጠራት። ክንዷን ያዙና ከበሩ ጎን ካለው የካልሲ መደርደሪያ አጠገብ አቆሟት።

ነገረቻቸው። ስለ ውሃው፣ ስለ ግድቡ፣ ሽማግሌው ስላሉት፣ ስለ አካፋው። ሐረገወይን ምን እንዳለቻትም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ቄሱ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። አንዲት ደንበኛ ካልሲ ልታነሣ መጥታ ሁለቱን አየችና ሌላ መደርደሪያ መረጠች።

«እና እኔ ምን እንድላት ነው የምትፈልጊ?»

«ከዚያ እንድትወጣ።»

«ጠበል አይደለም ብዬ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። ጥዋት ስለ ሚካኤል አስተምሬ ነው የመጣሁ። ሕዝቡን ከባሕር እንዳወጣ፣ ውሃ እንደሚታዘዝለት ተናግሬ፣ አፌ ገና አልደረቀም። አሁን ደግሞ በስልክ፣ ባላየሁት ነገር፣ አይደለም እላለሁ? ሆኖ ቢገኝስ? ያ ልጅ ሊድን ተጽፎለት ቢሆንስ? እኔ በየትኛው አፌ ነው ከደጁ የምመልሰው?»

ቄሱም ፈርተዋል። የሻረግ ይህን አልጠበቀችም። ይናደዱብኛል፣ ያሳፍሩኛል ብላ ነበር የመጣችው። የፈራ ሰው ታገኛለች ብላ አላሰበችም።

«አይደለም በሉልኝ አላልኩም» አለች። «እኔ ስለ ጠበል የምለው የለኝም፤ እዚያ ላይ ከእሷ ጋር ተለያይተናል። ግን አባቴ፣ እሷ የእኔን ቃል ስትሰማ የምትሰማው ያን የተዝካር ቀን ነው። ወንዙን አትሰማም። ሌላ የምትሰማው ሰው የለኝም።»

ስልኳ ጮኸ። ኪዲ ናት፣ ቪዲዮ አድርጋለች። ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

«አክስቴ፣ ከለሩ ተቀየረ። እዪው፣ ተቀየረ።»

ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ከመሐሉ ጀምሮ እንደ ሻይ ቀልቷል። ሐረገወይን ዳሩ ላይ ውሃው ውስጥ ቆማ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየቀዳች ነው። «አፈሩ ታጥቦ ነው» ስትል ትሰማለች፤ ለልጇ ነው። «ሁልጊዜ መጀመሪያ ይደፈርሳል። ቆይቶ ይጠራል። ጸልዪ አንቺ፣ አትጩኺ።»

«ሐረገወይን» አሉ ቄሱ።

ጠርሙሱ ቆመ። ሐረገወይን ዞራ ስልኩን አየች። ከነጠላዋ ሥር ፊቷ እንደ ሕፃን ተከፈተ። «አባ ተክለአብ? እርስዎ ኖት? አዩልኝ አባቴ? አዩት?»

«አየሁት።»

«ይባርኩልኝ እንግዲህ።»

 የቄሱ እጅ ወደ ኪሳቸው ገብቶ ትንሽ የእንጨት መስቀል ይዞ ወጣ፤ ከሬዲዮው ገመድ ጋር ተጠላልፎባቸው በጭንቀት አላቀቁት።   በዚህ መስቀል አንድ ቃል ከተናገሩ በኋላ ቃሉ እንደማይመለስ የሻረግም ታውቃለች። ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ብዙ ነገር ረስታለች፣ ይህን ግን አልረሳችም።

«ሐረገወይን፣ ስሚኝ። ውሃው ጠበል ነው አላልኩም፣ አይደለምም አላልኩም። ፍርዱ የእኔ አይደለም። ነገር ግን በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቼሻለሁ። ከዚያ ውሃ ራቂ። አሁኑኑ ልጅሽን ይዘሽ ከፍ ወዳለው ውጪ። ተመልሰሽ ብትረግጪው ግዝቱ አለብሽ።»

  ሐረገወይን በእጇ ያለውን ጠርሙስ አየችው። የሻረግ እህቷ ስታለቅስ ስንት ጊዜ አይታ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ ፊት ግን አላየችም። እንደተሰጣት ወዲያው የተነጠቀች ሰው ፊት ነው።

«በሚካኤል ቀን አባቴ?» አለች።

«በሚካኤል ቀን።»

ጠርሙሱን ቀስ ብላ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። እግሯን ከውሃው አወጣች። አንድ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ጫማዋን ፈልጋ አላገኘችም፤ በባዶ እግሯ ሄደች። ኪዲ ስልኩን ይዛ ስትሮጥ ሰማዩና ሣሩ ተገለባበጡ፣ የመኪና በር ተዘጋ፣ ሞተር ተነሣ። የሻረግ የካልሲውን መደርደሪያ ይዛ ስለነበር ጥንድ ጥንዱ በእግሯ ሥር ረገፈ። ሥራ አስኪያጁ ከሩቅ አየ፤ ቄሱ ሳያዩት እጃቸውን አንሥተው፣ ቆይ፣ አሉት።

«እየወጣን ነው» አለች ኪዲ። «አክስቴ እየወጣን ነው።»

የሻረግ ተነፈሰች። ያን ጊዜ የሐረገወይን ድምፅ ከጎን መጣ፣ የረጋ ድምፅ።

«አቁሚ።»

«እማ፣ ኖ። ፕሊስ።»

«አቁሚ አልኩሽ። መንገዱ የሚገናኝበት ነው።»

«ሐረግዬ፣ ምን ሆነሻል?» ብላ የሻረግ ስልኩ ላይ ጮኸች። «ተገዝተሻል እኮ። ውጪ ተብለሻል።»

«ከውሃው ራቂ ነው የተባልኩት፣ ርቄያለሁ» አለች ሐረገወይን። «እኔ ተገዝቼ የጠራኋቸው ሰዎች ሊረግጡት ነው? እኔ ነኝ የጠራኋቸው እትዬ። አንድ በአንድ ደውዬ፣ ኑ፣ ሚካኤል መጥቷል ያልኩ እኔ ነኝ።»

የመኪናው በር ተከፈተ።

ኪዲ ስልኩን የመኪናው መስታወት ላይ አስደግፋው ይሆናል፤ አሁን ምስሉ ጸጥ ብሎ ቆሟል። ሁለት መንገድ ይታያል። አንዱ ከኮረብታው የሚወርድ፣ አንዱ ከታች በግድቡ ጥግ የሚመጣ ነው። መጋጠሚያቸው ላይ ሐረገወይን ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማለች። አንድ ሰማያዊ መኪና ከላይ መጣና ቆመ። ስትናገር ድምፅዋ አይሰማም፣ እጆቿ ብቻ ይታያሉ። መኪናው ዞረ። ሌላ መጣ። በዚህኛው ሹፌሩ ወርዶ ተከራከራት፤ ወደ ግድቡ እየጠቆመ፣ ራሱን እየያዘ። ሐረገወይን ደረቷን መታች፣ ወደ ሰማይ አሳየች። ሰውየው አማትቦ ወደ መኪናው ገባ። እሱም ዞረ።

«በቃሽ፣ ተመለሽ» አለች የሻረግ፣ ማንም ባይሰማትም። ቄሱ አጠገቧ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ከሩቅ የከተማዋ የአደጋ ደወል መጮህ ጀመረ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የማያባራ ጩኸት። ቤንጃሚን አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ደወል በአፋቸው ሊያስመስሉላት ሞክረው መሐል ላይ የተዉት ለምን እንደሆነ የሻረግ አሁን ገባት።

«እማ!» አለች ኪዲ በመስኮቱ። «ነይ! እየደወሉ ነው!»

ሐረገወይን ተመልሳ መስኮቱን ያዘች። ፊቷ ስልኩን ሞላው፤ ዝናቡ በአፍንጫዋ ይወርዳል። «ሁሉም ተመልሰዋል?»

«ሰሎሜ ቀርታለች። ስልኳን አታነሣም። እየነዳች ነው።»

«በየት ነው የምትመጣው?»

 «በታቹ» አለች ኪዲ። «ሁልጊዜ በታቹ ነው የምትመጣው፣ የኮረብታው መንገድ ልጁን ያመዋል ብላ።»

ሐረገወይን ወደ ታችኛው መንገድ ዞራ አየች። ቀጥሎ ስልኩን አየች፣ ውስጡ ያለችውን እህቷን። የሻረግ ልትላት የምትፈልገው ብዙ ነበር። ስለ ድንኳኑ ነበር፣ ስለ እናታቸው ነበር፣ አትሂጂ የሚልም ነበር። አፏ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ሆነ።

«ነጠላሽን ከፍ አድርገሽ ያዢው። በዝናብ ሩቅ አይታይም።»

«እሺ እትዬ» አለች ሐረገወይን።

መጀመሪያ ተራመደች፣ ከዚያ ሮጠች። በባዶ እግሯ፣ ወደ ታች። ከግድቡ ጥግ ያለው መንገድ ላይ ውሃ መንሸራተት ጀምሯል፤ ስስ ነው፣ የሚያበራ ነው፣ ከየት እንደሚመጣ አይታይም። ነጩ ነጠላ እያነሰ ሄደ። ጨርቅ አከለ፣ ከዚያ ላባ አከለ። ከመንገዱ ማዶ ጫፍ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ሁለት ቢጫ መብራት ወጣ።

«መኪና ይታየኛል» አለች ኪዲ።

«የእሷ ነው?»

«አላውቅም። አክስቴ አላውቅም።»

ላባው ከፍ አለ። ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። መብራቱ ግን አሁንም እየመጣ ነው፣ ወይም ቆሟል፤ አይለይም። ዝናቡ በረታና መስታወቱ ላይ ተዘረገፈ፣ መብራቱም ላባውም አንድ ላይ ሟሙ። የሻረግ በአውራ ጣቷ የስልኳን ፊት ጠረገች። ደረቅ ነበር። በእጅጌዋ ጫፍ ደግማ ጠረገችው፣ ደግማ ደጋግማ ጠረገችው፤ ዝናቡ ያለው ግን በወዲያኛው በኩል ነበር።